ጎረቤት ያልሰማው ሽያጭ

ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ አንድ ሰው ነበረ። ሽማግሌ ስለ መላክ ጠይቀኸኝ ስለ ቤት ሽያጭ የምነግርህ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሃል፤ እስከዚያ ታገሠኝ ልጄ።

ሰውዬው ገና ወጣት ነው፤ የሚኖረው በደጋ ከተማ ነበር። መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል። ክኒን ሰጥቶ፣ አወሳሰዱን ተናግሮ፣ ደንበኛው ደጅ ከደረሰ በኋላ እንኳ ጠርቶ «ከምግብ በኋላ ያልኩህን ሰምተኸኛል አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። የቤቱን በር ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ መቆለፉን ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይሳሳትም፤ ሲሳሳት ግን ስሕተቱንም በጥንቃቄ ነው የሚሠራው።

ሚስቱ አስም ነበረባት። የደጋው ብርድ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ሄዶ ባለፈው ክረምት ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታ ነበር። ስትወጣ ሐኪሙ በግልጽ ነገራቸው፤ «ሌላ ክረምት እዚህ ባታሳልፍ ይሻላል። ወደ ሞቃት አገር ውሰዳት።» ወደ ቆላው፣ ወንድሟ በሚኖርባት ከተማ፣ የሚሆናቸው ቤት ተገኘ። የቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነበርና «ክረምቱ እስኪገባ እጠብቃችኋለሁ» አለ። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ያሉበትን ቤት ሸጦ፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ወደ ቆላ መውረድ።

በዚያ ሰፈር ቤት የሚሸጠው በደላላ ነበር። ደላላው ጋሽ ዘውገ ይባላል። ስልክ ቁጥሩ በየግድግዳውና በየመብራት ምሰሶው ላይ ተጽፏል። እሱ ራሱ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ያነጋግራል። ቤት የሚሸጥ ሰው ለእሱ ይነግረዋል፤ እሱ ለሁሉም ይነግራል። ወሬ ማብዛቱ፣ ሁለት ክፍሉን ቤት «ቪላ» ማለቱ፣ ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን መቀበሉ ሰውዬውን ያንገሸግሸው ነበር።

«ምን ሠርቶ?» ይላታል ሚስቱን። «በር ከፍቶ ግቡ ማለት ሥራ ነው?»

ያን ሰሞን ደግሞ ቤት በኢንተርኔት የሚያሻሽጥ አንድ ድርጅት ተከፍቶ ነበር። የቤትህን ፎቶ ትልካለህ፤ ትንሽ ክፍያ ትከፍላለህ፤ ገዢው ራሱ ይደውልልሃል። ደላላ የለም፣ ኮሚሽን የለም። ይህ ለሰውዬው የተሠራ መሰለው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለካ። የረፋዱ ፀሐይ በመስኮት እስክትገባ ጠብቆ ፎቶ አነሣ። ጓዳው ጥግ ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት እንኳ ሳይደብቅ አንሥቶ «ይህ በዝናብ ጊዜ ይረጥባል» ብሎ ጻፈበት።

ሚስቱ ትራሷን ተደግፋ ታየው ነበር። «ለጎረቤት አንናገርም?» አለችው።

«ሸጠን እንነግራቸዋለን።»

«ለእትዬ ዘርፌ እንኳ?»

«ለእትዬ ዘርፌ መንገር ለጋሽ ዘውገ መንገር ነው። ከሰማ፣ ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ደጄ ላይ ይቆማል። ደግሞስ ባይሸጥልን? መሣቂያ እንሁን?»

«እኔ እንደሆነ ንገራቸው ባይ ነኝ» አለችና ሳል ስለያዛት ተወችው።

የተናገረው ምክንያት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ዋናው አልነበረም። በዚያ ሰፈር ቤት የሚሸጥ ሰው የቤቱን ካርታ ከሣጥን ከማውጣቱ በፊት፣ በአጥር ወደሚዋሰኑት ሰዎች ሄዶ «ልሸጥ አስቤያለሁ» ይላል። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ደግሞ እትዬ ዘርፌ ናት። ሚስቱ ሆስፒታል በነበረች ጊዜ ሰውዬው ሥራ ሲገባ እሷ ናት አልጋው አጠገብ የምትቀመጠው። ይህችን ሴት ፊት ለፊት እያየ «ጥለንሽ ልንሄድ ነው» የሚልበት አንደበት አጣ። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ግን ጥንቃቄ ብሎ ጠራው።

ጥንቃቄ ካልን ደግሞ ምንም አላጎደለም። ለዚሁ ሲል አዲስ ሲም ካርድ አውጥቶ አሮጌ ስልክ ውስጥ ከተተው። በማስታወቂያው ላይ ስሙን አላስጻፈም። የሚደውሉትን ሰዎች ሁሉ የሚቀጥራቸው ቅዳሜ፣ ሰፈሩ ገበያ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ማስረጃ ለጠየቀው የካርታውን ፎቶ ይልክለታል። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊትም «ምናልባት ሰው ከጠየቃችሁ፣ ዘመድ ነን በሉ» ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ግቢውን ጠርጎ፣ መስኮቶቹን ወልውሎ፣ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ለቀጠራቸው ሰዎች ደወለ። አንዱ አላነሣም። ሌላው «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ «እንኳን ደስ አለዎት! ማስታወቂያዎ በብዙ ሰው ታይቷል» የሚል መልእክት ላከለት።

ሰውዬው ጥፋቱን ከራሱ ላይ መፈለግ ጀመረ። ፎቶው ይሆን? እንደገና አነሣ። እርጥበቱን መጻፌ ይሆን? አጠፋው፤ ማጥፋቱ ማታለል መሰለውና መልሶ ጻፈው። ድምፄ ይሆን? መስታወት ፊት ቆሞ «ጤና ይስጥልኝ፣ አዎ፣ ቤቱ አልተሸጠም» ማለት ተለማመደ። ዋጋው ይሆን? ዝቅ አደረገው። ያን ጊዜ ስልኩ ዕረፍት አጣ፤ ሰው ሁሉ ቀጠሮ ያዘ። ቅዳሜ ግን ደጁ ላይ የቆመ የለም። እንደገና ዝቅ አደረገው።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ቆሞ ሳለ አሮጌው ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አየው፤ በየግድግዳው የሚያየው የጋሽ ዘውገ ቁጥር ነው። «አወቀብኝ» አለ በልቡ፣ ስልኩንም አጠፋው። በማግሥቱ ያው ቁጥር ደወለ፤ አጠፋው። እንዲህ እየሆነ ከረመ።

ሰፈሩም ተለወጠበት። ሲያልፍ ወሬ ያቆማሉ። ሰላምታቸው ከወትሮው ይረዝማል፤ ዓይናቸው ግን ይሸሻል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው ሥራ እንደፈታ ቆሞ ያያል፤ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው፣ አንድ ቀን የእትዬ ዘርፌ ባል። «ሰምተው ተቀይመውኛል» አለ። ስለዚህ ይበልጥ ራቃቸው፤ በዋናው መንገድ መሄድ ትቶ በጀርባ በኩል ዞሮ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ።

የቆላው ባለቤት ደወለለት። «ወንድሜ፣ ሌላ ፈላጊ መጥቶብኛል። ቃሌን አላጥፍም፤ ዝናቡ ከጀመረ ግን አትፍረድብኝ።» ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ወደ ደጅ ወጣ። ከተራራው ራስ ላይ ደመናው እየተቆለለ ነው። ከውስጥ የሚስቱ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ የተቀደደ ወንፊት የሚወዘውዙ ይመስላል። ዋጋውን እስከ መጨረሻው አውርዷል። የሚለውጠው ነገር አልቀረም። ጥፋቱ የት እንደሆነ አለማወቁ ከጥፋቱ በላይ አስጨነቀው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! አላችሁ?» እትዬ ዘርፌ ናት። ከኋላዋ የእድሩ ሰብሳቢና ጋሽ ዘውገ ቆመዋል። ሰውዬው ከበሩ ገለል አለላቸው።

«ተቀመጥ ልጄ» አለው ሰብሳቢው ከገቡ በኋላ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ተቀመጥ እንጂ። ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም።»

ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አትደንግጥ። ቤትህን ሊሸጥብህ የተነሣ ሌባ አለ።»

«ሌባ?» አለ ሰውዬው።

«በስልክ ነው!» አለ ጋሽ ዘውገ መጠበቅ አቅቶት። «ቤትህን በፎቶ አውጥቶታል። እንዴት አድርጎ እዚህ ገብቶ እንዳነሣው እንጃ። የጓዳህን እርጥበት ሳይቀር ያውቃል፣ ይሄ የተረገመ! ስም የለው፣ አድራሻ የለው። ዋጋውን ደግሞ በየጊዜው ይጥለዋል። ምን ቸገረው፤ የሰው ቤት ነው!»

«መጀመሪያ የደረስኩበት እኔ ነኝ» አለች እትዬ ዘርፌ። «መቼም ቤት የሚገዛ ሰው ደጁን ሳያንኳኳ ጎረቤት ይጠይቃል። እየመጡ ‹ያ ቤት የሚሸጥ ነው?› ይሉኛል። ‹ኧረ ወዲያ! እሱ ቤቱን ቢሸጥ እኔ ሳልሰማ?› አልኳቸው። አንዷ እህል ነጋዴ ናት፤ ‹ሻጩ በስልክ ዘመድ ነን በሉ ብሎናል› ብላ ነገረችኝ። የምን ዘመድ! ያኔ ነገሩ ገባኝ። ‹ካርታውን በፎቶ አይቻለሁ› ብትለኝ፣ ‹ካርታማ ዛሬ በየቤቱ ይሠራል› ብዬ መለስኳት።»

«ቅዳሜ፣ ሰፈሩ ባዶ ሲሆን ነው የሚቀጥራቸው» አለ ሰብሳቢው። «ስለዚህ ተራ ገባን። ገበያ የሚቀር ሰው መድበን መታጠፊያው ላይ እናቆማለን። የመጣውን ሁሉ መልሰናል። አይዞህ፤ አንድም ሰው ደጃፍህ አልደረሰም።»

«ለምን… ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ሰውዬው።

«በምን አንጀታችን?» አለች እትዬ ዘርፌ፣ በአገጯ ወደ መኝታ ቤቱ እያመለከተች። «የእሷ ሕመም ይበቃሃል ብለን ነው።»

«አሁን ግን ግድ ሆነ» አለ ሰብሳቢው። «ፖሊስ፣ ባለቤቱ ራሱ ካላመለከተ አይሆንም አለን። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ቆይ፣ ከመሄዳችን በፊት ጉዱን ይስማ» ብሎ ጋሽ ዘውገ ስልኩን አወጣ። «ስደውልለት ድምፄን ሳይሰማ ነው የሚያጠፋው። የኔን ቁጥር ካወቀ የሰፈር ሰው ነው ማለት ነው። አሁን እደውላለሁ፤ እንዴት እንደሚዘጋብኝ ስሙልኝ።»

አሮጌው ስልክ በሰውዬው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር። ጋሽ ዘውገ ቁጥሩን ሲጫን የሰውዬው እጅ ወደ ኪሱ ገባ። አውራ ጣቱ ማጥፊያውን አገኘችው፤ ለምዳዋለች። ቢጫነው ስልኩ ዝም ይላል፤ ሦስቱም ሌባውን እየረገሙ ይሄዳሉ። ለነገ ደግሞ ነገ ይታሰባል።

ያን ጊዜ ከመኝታ ቤት የሚስቱ ሳል ተሰማ። ሳሉ አልቆም አላት። እትዬ ዘርፌ ወሬውን ትታ፣ ማንም ሳይጠራት ከወንበሯ ብድግ አለች። ሰውዬው አያት። እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ።

ስልኩ ጠራ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እየጮኸ ጠራ። ጋሽ ዘውገ የራሱን ስልክ አየ፤ ከዚያ የሰውዬውን ኪስ አየ።

«ይሄ… ካንተ ኪስ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ ጋሼ» አለ ሰውዬው። «ሌባው እኔ ነኝ።»

ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ጋሽ ዘውገ መዝጋቱን ረስቶታል።

«ከኔ ለማምለጥ ብለህ ሲም ካርድ አወጣህ?» አለ ኋላ። «ሰው ከደላላ ልሽሽ ብሎ የገዛ ቤቱ ሌባ ይሆናል?»

ማንም አልሣቀም። እትዬ ዘርፌ መሐል ወለሉ ላይ እንደቆመች ናት። «እሺ፣ እሱ ደላላ ነው» አለች። «እኔስ? እኔም ደላላ ነኝ?»

ሰውዬው ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረ። ሐኪሙ ያለውን፣ የቆላውን ቤት፣ ደመናውን፣ ደጁ ላይ ሆኖ የጠበቃቸውን ቅዳሜዎች ሁሉ ነገራቸው። «እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አጣሁ፣ እትዬ» አለ። «ዓይንሽን ማየት ፈራሁ።»

«እኔ ንገራቸው ብዬው ነበር» የሚል ደካማ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

እትዬ ዘርፌ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሰውዬውን አላየችውም፤ የተናገረችው ለጋሽ ዘውገ ነው። «ያቺን እህል ነጋዴ አጭበርባሪ ብዬ ነው የሸኘኋት። ሱቋን አውቀዋለሁ። ተነሥ፣ አብረን እንሄዳለን። አንተ ትለፈልፋለህ፤ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ነጋዴዋ በማግሥቱ መጣች። ደጁን ከማንኳኳቷ በፊት ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን በር ሁሉ አንኳኳች። «ቤቱ የማን ነው?» ትላለች። «የሱ ነው» ይሏታል። «አሁንስ ይሸጣል?» «ይሸጣል።» «ጠብ አለበት?»

«ጠብ የለበትም» አለቻት እትዬ ዘርፌ። «ቅያሜ አለብን። ቅያሜውን ግን ከቤቱ ጋር አንሸጥልሽም።»

ተዋዋሉ። ሰውዬው ማስታወቂያው ላይ ካወረደው ዋጋ ፈቀቅ ማለት አልቻለም፤ ደላላ ሸሽቶ ያተረፈው በዚያው ሄደ። ጋሽ ዘውገ ምስክር ሆኖ ፈረመ። ሰውዬው የድካሙን ሊሰጠው ሲል «ገዢ ላባረርኩበት ነው የምትከፍለኝ?» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ቤቱ ተሸጠ፤ ዝናቡ ግን ቀደማቸው። የቆላውን ባለቤት የሚስቱ ወንድም ደጅ ጠንቶ ነው ያስታገሠው። የወጡ ዕለት ብርዱ በርትቶ ሚስቱ እስከ መኪናው በእግሯ መሄድ አልቻለችም። ጎረቤቶቿ በላስቲክ ሸፍነው በወንበር ተሸከሟት፤ መታጠፊያውን ተራ ገብተው የጠበቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ቆላ ደርሳም ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ተሠቃየች። በከንቱ ያለፉት ቅዳሜዎች በእሷ ደረት ተከፈሉ። ሰውዬው ይህን ያውቃል።

ልጄ፣ አንተ ምን አልከኝ? «እኔና እሷ ተስማምተናል። ለአባቷ ስልክ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌ ሰብስቦ መላክ ምን ይሠራልኛል?» አልከኝ። ደግ ጥያቄ ነው። ያም ሰው ስለ ደላላው ይህንኑ ጠይቋል፤ ምን ሠርቶ? ብሏል። የተሳሳተው በመጠየቁ አይደለም፤ መልሱን ሳይጠብቅ በመሄዱ ነው።

ስልኩን አልወቅስም፤ ገዢዎቹን እስከ መታጠፊያው ያመጣለት እሱ ነው። ጋሽ ዘውገንም አላሞግስም፤ እጅግ የሚያጋንን ሰው ነበር። ነገር ግን ቤት በደላላ ሲሸጥ፣ ማንም ሥራ ብሎ ያልጠራው አንድ ሥራ አብሮ ይሠራ ነበር። የሚሸጠው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሸጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰውዬው ደላላውን ሲያስቀር ያ ሥራ አብሮ ቀረ፤ እሱም በደላላው ቦታ አልቆመም።

የሽማግሌም ነገር እንዲሁ ነው። የልጅቱ አባት ያንተን ስልክ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። ወንድሞቹን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ «ይህን ልጅ የሚያውቅ አለ?» ይላል። «አዎ፣ ቤታችን መጥቶ ነበር» የሚል ሰው ከጠፋ፣ እሷን የሚወዱ ሁሉ መታጠፊያው ላይ ይቆሙብሃል። ክፋት የለባቸውም። የሚያስቆማቸው ፍቅራቸው ነው፤ ለዚህም ነው ገፍተህ ልታልፋቸው የማትችለው።

ሽማግሌ ላክ ብዬ አላስገድድህም። ብታስቀር ሥራውን ግን አንተ ውሰደው። በቀን ሂድ፣ በስምህ ሂድ። አክስቷ ዘንድ ገብተህ ተቀመጥ። አጎቷ የሚጠይቅህን የሚያሳፍር ጥያቄ ሁሉ አንገትህን ሳትደፋ መልስ። ይህን ማድረግ ከቻልክ ሽማግሌው አንተ ነህ።

ካልቻልክ ግን፣ ልጄ፣ ራስህን ደኅና አድርገህ ጠይቅ፤ የምትሸሸው ሽማግሌዎቹን ነው ወይስ የእሷን ሰዎች? ሽማግሌዎቹን ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሰዎቿን ከሆነ ግን፣ ከእሷም ጋር ገና አልተስማማህም።